በጆንያ የበቀለው የሀኒፋ ዘር

ፉሪ፣ ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀኒፋ ሃሩን፤ ባለሽበት ሆላንድ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ? እኔና ሚስቴ ቀመሪያ፣ ጉልበቷን ከማመሙ በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አላህ በሄድሽበት ሁሉ ከለላ ይሁንሽ። ክፉ ዓይን አይይሽ፣ ደግ ዓይን አይጣሽ።

እስከዚህ ያነበብሽው የማንም እጅ አይደለም፤ የሙሄ ነው! የመካኒሳ አቦው ጫማ ሰፊ፣ ፊርማው በአውራ ጣት የነበረው ሙሄ! የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። መምህርት ምስጢር «እንደ እርስዎ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም» ብላኛለች። በደግ ይሁን በክፉ አልጠየቅኳትም። ሌሎቹ ገና ሀ ሁ ሲሉ እኔ የታክሲውን ታፔላ፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የቀበሌውን ማስታወቂያ ሁሉ አንብቤ ጨረስኩና የሚነበብ ሳጣ ነው ወደ አንቺ የመጣሁት። ስለዚህ ከእንግዲህ ስልክ አትደውይልኝ። ስልክ ላይ የተባለ ነገር ይተናል። ወረቀት ላይ ያለ ግን እዚያው ቁጭ ነው፤ ሰው ያለውን አላልኩም አይልም።

በመንገደኛ የላክሽው ፖስታ ደርሶኛል። ከፍቼ ባይ ቁንጫ የሚያህል ዘር። ደብዳቤሽ ደግሞ ከዘሩም ያነሰ። «ጋሼ፣ ይህን ከጓሮ ይዝሩልኝ። ለማንም አይናገሩ።» አለቀ! ልጄ፣ አባትሽ ከሞተ ወዲህ ድምፅሽን የምንሰማው በኢድ በኢድ ነው። ሰው ከውጭ ሲልክ ጫማ ይልካል፣ ሽቶ ይልካል። ዘር ምን ይሉታል? ያውም በምስጢር! ቀመሪያ ፖስታውን ቤት አላስገባም ብላ ደጅ አሳድራዋለች።

አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ግን በጽሑፍም ይኑር። አባትሽ ሃሩን፣ የአጎቴ ልጅ፣ ይህን ቦታ ሲገዛ ፉሪ ጅብ የሚጮህበት ነበር። «ሙሄ፣ ግባና ጠብቅልኝ» አለኝ። ገባሁ። በሩ ሥር ሁለት ክፍል ቀለስኩ፣ ከኋላ እንሰቴን ተከልኩ፣ ልጆቼን ከዚሁ ዳርኩ። ካርታው በአባትሽ ስም ነበር፤ አሁን የአንቺ ነው። እኔና ቀመሪያ ሌላ መግቢያ የለንም። ይህን የምጽፈው ለነገር አይደለም፤ እጄን ለማለማመድ ነው።

የምን ዘር እንደሆነ ጻፊልኝ። ሳላውቀው አልዘራውም። ብር አትላኪ። የንባብ መነጽር ብትልኪ ግን አልቀየምም።

አጎትሽ ሙሄ፣ በገዛ እጁ


ሆላንድ፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሼ ሙሄ፣ ለእትዬ ቀመሪያም

ወአለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የእትዬን ጉልበት አላህ ያሽርልኝ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አባቴ ቢኖርና ይህን ቢያይ ምን ያህል ይኮራ ነበር!

ዘሩ ዳንዴልዮን የሚባል የዱር ተክል ነው። የመጣው ከካዛክስታን ተራሮች ነው። ቅጠሉ መሬት ላይ ተለጥፎ ይበቅላል፣ አበባው ቢጫ ነው፣ ሲያረጅ እንደ ጥጥ ሆኖ በነፋስ ይበናል። ላየው ሰው ተራ አረም ነው። ቁም ነገሩ ሥሩ ላይ ነው። ሥሩ ወተት አለው፤ ወተቱ ሲረጋ ላስቲክ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ የሚሠራበት ዓይነት። የምሠራበት ግሪንሃውስ ውስጥም አንድ ጥግ ላይ ይሞክሩታል። እኔ የላክሁትን ግን ከዘር ሻጭ በገንዘቤ ነው የገዛሁት። ለማንም አይናገሩ ያልኩት ሰው ነገሩን ሰምቶ እንዳይነቅለው ብዬ ነው።

ዘሩን በለሰለሰ አፈር ላይ በተን ያድርጉት፤ አይቅበሩት፣ ብርሃን ይወዳል። እስኪበቅል አፈሩ አይድረቅበት። ሌላ ብዙ ጣጣ የለውም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ከበሩ እስከ ኋላው አጥር ድረስ ግቢው በሙሉ የሚታይበት ፎቶ ያስነሡልኝ። አጥሩ የቆመው በድሮ ቦታው ነው? በግቢው ውስጥ ከእርስዎ ሌላ የሚኖር ሰው፣ አዲስ የተሠራ ቤት አለ? የምጠይቀው ፀሐይ በደንብ ያገኝ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ተክሉ ከያዘ አንድ ሐሳብ አለኝ። ያን ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። መነጽሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ።

ልጅዎ ሀኒፋ


ፉሪ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሀኒፋ

ሰላምታዬ ከክረምቱ ዝናብ ይብዛልሽ። አላህ ያሰብሽውን መልካም ያድርገው፤ ያላሰብሽውንም እንዲሁ።

መነጽሩ ደርሷል። አድርጌው መካኒሳ ብቅ ብል ደንበኞቼ «ዶክተር» አሉኝ። አንዱማ ጫማውን ሰጥቶኝ «ዶክተር፣ ይተርፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዘመድ ጥሩ» አልኩት።

ዘሩ በቅሏል። በሙሄ እጅ የማይበቅል ምን አለ? እጄን አፈር ውስጥ ብረሳው ጣቶቼ ቅጠል ያወጣሉ። ቅጠሉ እንደ መጋዝ ተተልትሏል፣ ሲቀነጠስ ወተት ያነባል። ቀመሪያ «ለዚህ ነው ባሕር የተሻገረው? ይሄማ የበግ ራት ነው» አለች። ደግሞ ሳላያት ቀንጥሳ እንደ ጎመን ቀቅላ፣ ከትፋ፣ በቅቤ አሽታ አቀረበችልኝ። ይመርራል። ግን የቀመሪያን ምላስ ለለመደ ሰው ማር ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። የፀሐይ ጥያቄሽን ባነበው ባነበው አልገባ አለኝ። ፀሐይ በበር ነው እንዴ የምትገባው? ተከራይ ካለ አትወጣም? አጥሩ የድሮ ቦታው መሆኑን ለቅጠሉ ማን ይነግረዋል? ልጄ፣ እኔ ማንበብ የተማርኩት ፊደሉን ብቻ አይደለም።

ደግሞ ባለፈው ጁምዓ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው በሩን አንኳኳ።

«አባት፣ የሃሩን ቦታ ይሄ ነው?»

«ሃሩን ሞቷል።»

«ቦታውስ?»

«ቦታ አይሞትም። ማን ልበል?»

«በፍቃዱ እባላለሁ። ለቡ፣ መብራት ኃይል ሰፈር ነው ቢሮዬ። ዝም ብዬ ሳልፍ ነው።»

«ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የሟች ስም ይዞ አይመጣም።»

ሳቀ። ከዚያ አጥሩን ዳር ዳሩን በእርምጃው እየለካ ሄደ። ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው እግሩን እንደዚያ ሲዘረጋ አይቼ አላውቅም።

አንቺ ነሽ የላክሽው? አዎ ወይም አይደለም ብለሽ ጻፊልኝ። ሁለቱም አጭር ናቸው፤ እኔ እንኳ ሳልሳሳት እጽፋቸዋለሁ።

ፎቶ ልኬያለሁ። ግቢው በሙሉ አልወጣም፤ የጎረቤቱ ስልክ ጠባብ ነው። ግን ቅጠሉ በደንብ ይታያል።

ሙሄ


ሆላንድ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙሄ

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። አላህ ቤትዎን በሰላም ይሙላው።

ፎቶውን አየሁት። ቅጠሉ እውነትም ያምራል። ነገር ግን ከቅጠሉ በስተጀርባ የጆንያ ጫፍ የሚመስል ነገር ይታየኛል። ጓሮ ውስጥ ነው የተዘራው? ግልጹን ይንገሩኝ።

ራኬብ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ለገና ወደ አዲስ አበባ ትመጣለች። ቤተሰቦቿን ጠይቃ የምትመለሰው የካቲት ላይ ነው። ሥሩን ነቅለው፣ አጥበው፣ ጥላ ውስጥ አድርቀው ይላኩልኝ። ግቢውንም ያሳዩዋት፤ ደስ ይላታል።

ስለ ሰውየው የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ለእትዬ ጉልበት የሚሆን ቅባት በእሷ በኩል ልኬያለሁ። ሌላ የሚያስፈልግ ነገር ካለ አይፈሩኝ።

ሀኒፋ


ፉሪ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀኒፋ

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ረመዳንን በሰላም ያድርስሽ። ቅባቱ ደርሷል። ቀመሪያ ተቀብታው ተነሥታ እየሄደች ነው፤ ችግሩ እኔን ለመከታተል መጠቀሟ ነው።

ራኬብ መጣች። ደግ ልጅ ናት፣ ምሳ በላች። ግቢውን ላሳያት ስል ዝናብ መጣ። በጥር! አላህ ሲፈልግ ምን ይሳነዋል? ብቻ ሥሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጥቻታለሁ። ጋዜጣውንም አንብቢው፤ እኔ ጨርሼዋለሁ።

ሥሩን ስታዪ አትደንግጪ። ካንቺ ፈረንጆች የተሻለ አድርጌ ነው ያሳደግኩት። የጉራጌን ልጅ ተክል ማሳደግ የሚያስተምር ገና አልተወለደም።

ወተቱንም ሞክሬዋለሁ። ማስቲሽ ያለቀብኝ ቀን ከሥሩ አንጠባጥቤ፣ ትንሽ አርግቼ፣ የአንድ ደንበኛዬን ሶል ለጠፍኩበት። ያዘ! በእጄ ጎተትኩት፣ ያዘ! ሰውየው መስጊድ ገብቶ ሲወጣ ግን ጫማው ሁለት ሆኖ ጠበቀው። አንዱን ተጫምቶ አንዱን ይዞ መጣና «ሙሄ፣ በምን ሰፋኸው?» አለኝ። «በሆላንድ ጥበብ» አልኩት። በድሮው ክር ሰፋሁለት። ገና ብዙ የሚቀረው ነገር ነው፤ ግን ውሸት አይደለም፣ ይለጠጣል።

ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ያልሽውስ? ያ ሌላ ጊዜ አልደረሰም? በፍቃዱ ሁለተኛ መጥቶ ነበር። አሁን «አባት» ማለቱን ትቶ «ሰውዬ» ይለኛል። ቀመሪያ የቤቱን ግድግዳ ልትመርግ ጭቃ አስቦክታ፣ ጭዱን ለውሳ፣ እጇን ከነከረች በኋላ ተወችው። «የማንን ቤት ነው የምመርገው?» አለች። ጭቃው ደጅ ላይ ደርቋል። ለእሷ የሚሆን መልስ ላኪልኝ፤ እኔ በቀልድ ላሳልፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሙሄ


ሆላንድ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙሄ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።

የላኩልኝን አየሁ። እኔ የሰጠሁዎት ተክል አይደለም። የዚህ ተክል ሥር እንደ ካሮት አንድ ሆኖ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ይሄ ግን በየአቅጣጫው ተበታትኗል፤ ሸረሪት ይመስላል። ከቦይ ዳር የተነቀለ ሌላ አረም ነው።

ጋሼ፣ እንደ አባቴ ነው የማይዎት። ስለዚህ ዝም ብዬ አልቀርም። ግቢው በሙሉ የሚታይበት ፎቶ ጠየቅሁ፤ ቅጠል መጣልኝ። ሰው ላክሁ፤ በጥር ዝናብ ዘነበ። አሁን ደግሞ ይሄ ሥር። ዘሩ ጓሮ አልተዘራም ማለት ነው። ጓሮ ያልተዘራው፣ የሚዘራበት ጓሮ ስለሌለ እንዳይሆን ፈራሁ። የቦታው ግማሽ ተሸጧል፣ ገዢውም አጥሮ ይዞታል ብለው የነገሩኝ ሰዎች አሉ። አላምንም እያልኩ ቆይቻለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ በፍቃዱን የላክሁት እኔ ነኝ። ከኢድ በኋላ ሜትር ይዞ ይመጣል። በሩን ይክፈቱለት።

ሀኒፋ


ፉሪ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀኒፋ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ምርቃቱን መጨረሻ ላይ አደርሰዋለሁ፤ አሁን ከወጣ ይጣመምብኛል።

ሰበርሽው? አንድ ጥያቄ ነው። ሥሩን ሰበርሽው ወይስ በዓይንሽ ብቻ ፈረድሽበት? ካልጣልሽው አሁን ተነሺና አንዱን እግሩን ቀጭ አድርገሽ ስበሪው፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ሳቢው። የምታዪውን አልነግርሽም። አረም ከሆነ ሌባ ነኝ።

ሸረሪት የሆነው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እንሰት እንዴት እንደሚያድግ አባትሽ አላሳየሽም? እንሰት በተወለደበት ጉድጓድ ከቀረ ቀጭጮ ይቀራል። ስለዚህ እንነቅለዋለን፣ ሥሩን እንከረክመዋለን፣ ሰፋ ወዳለ ቦታ እናዛውረዋለን፤ ሲጠና እንደገና። ሳይዛወር ያደገ እንሰት ለቡላ አይደርስም፤ ይህን አያቴ ነው ያስተማረኝ። ያንቺንም ዘር እንደ ወግ ላሳድግ ብዬ ከጆንያ ወደ ጆንያ አዛወርኩት። ባዛወርኩት ቁጥር የሥሩ ጫፍ ይቆረጣል፣ በተቆረጠበት ሌላ እግር ያወጣል። እኔ ደስ አለኝ! «ሀኒፋ አንድ ሥር ጠየቀች፣ መንጋ ላክሁላት» እያልኩ ስፎክር ከረምኩ። አንቺ «ሌላ ብዙ ጣጣ የለውም» አልሽ እንጂ «አታዛውሩት» አላልሽም።

ጆንያውን አውቀሻል፣ ጎበዝ። አዎ፣ ጓሮ አልዘራሁትም። በጆንያ ዘርቼ መካኒሳ ከጫማ መስፊያዬ ጀርባ ነው ያሳደግኩት። ለምን? ያንቺ ተክል መሬቱ ላይ ከቆመ፣ ነገ መጥተሽ «ተክሌ ያለበት ይለቀቅልኝ» ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። ጆንያ መሬት አይደለም፤ ተሸክሜው እሄዳለሁ። ቀመሪያም የቀቀለችውን ቅጠል የቀነጠሰችው እዚያ ምሳዬን ስታደርስልኝ ነው። በጥር የዘነበውም ዝናብ ከኔው አፍ ነው የዘነበው። ራኬብ ጓሮ ብትገባ ተክሉን አታገኘውም ነበር።

በፍቃዱ መጣ። በሩን ከፈትኩለት። የሜትሩን አንዱን ጫፍ እኔው ያዝኩለት፣ ቀመሪያ ከኋላችን እያነከሰች ተከተለች። ከማዕዘን ማዕዘን ለካን። ጎኑ ደረሰ። ኋላው ደረሰ።

«ሙሉ ነው» አልኩት።

«ይመስላል።»

«ይመስላል አይባልም። ሜትር በእጅህ ነው፣ ካርታው በኪስህ ነው። ሙሉ ነው በል።»

«ሙሉ ነው።»

«ታዲያ ግማሹ ተሸጧል ያላት ማን ነው?»

«እኔ የሰማሁትን ነው የነገርኳት።»

«ከማን ሰማህ?»

«ከሰፈር።»

«የዚህ ሰፈር ሰው ስም የለውም?»

ትከሻዬን አቅፎ ወደ እንሰቱ ሥር ወሰደኝና በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ዝም ብለው ቢወጡ ከሽያጩ ለእርስዎም የሚደርስዎትን እኔ አስቀርልዎታለሁ፤ እሷ ማወቅ የለባትም» አለኝ። ሰውዬ ሲለኝ የነበረው ጋሼ አለኝ! እኔም ጮክ ብዬ «ቀመሪያ! ይሄ ሰው የሀኒፋ ደላላ ብቻ አይደለም፣ የኔም ሊሆን ነው!» አልኩ። ቀመሪያ የደረቀውን ጭቃ አንሥታ ስትመጣ ሜትሩን ሳይጠቀልለው ወጣ፤ መንገዱን እስከ አስፋልቱ ድረስ እየለካው ሄደ።

ልጄ፣ መሬቱ ያንቺ ነው። መሸጥ ትችያለሽ። ውጡ ካልሽን እንወጣለን፤ የት እንደምንገባ አላውቅም እንጂ መውጣቱን እንወጣለን። ግን ሌባ ብለሽ አይሁን። እሱን አልችለውም። ለቀመሪያ ደብዳቤሽን ሳነብላት «ከቦይ ዳር» የሚለውን ዘልዬዋለሁ። አንባቢ መሆን እንዲህም ያደርጋል ለካ።

አላህ ልብሽን ያቅናልሽ። ይኸው፣ ሳይጣመም ወጣ።

ሙሄ


ሆላንድ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙሄ፣ ለእትዬ ቀመሪያ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በእኔ ያዘነ ልባችሁን ያረጋጋልኝ።

ሥሩን አልጣልኩትም ነበር። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ሰበርኩት። ሁለቱን ስባሪ ስስብ በመሃላቸው እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር ተዘረጋ፣ ብዙ ክር፣ አልበጠስም አለ። ተራ አረም ይህ የለውም። ተክሉ የላክሁት ነው። የፈረድኩት በዓይኔ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

አሁን እውነቱን ልጻፍ። ዘሩን የላክሁት ለላስቲክ ብቻ አልነበረም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የማላውቃቸው ሰዎች እየደወሉ ስለዚያ ቦታ ይነግሩኝ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ደላላው በፍቃዱ። እርስዎን «ቦታው አለ?» ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። ስለዚህ ዘር ላክሁ። ከዘሩት ፎቶ ይልኩልኛል፣ በፎቶው መሬቱን አያለሁ ብዬ ነው። ነውር ነበር። በግልጽ ብጠይቅዎ ይሻል ነበር።

እዚህ ያለኝ ሥራ በዚህ ዓመት ያልቃል። ለመሸጥ አስቤ ነበር። ተክሉ ከያዘ ደግሞ መጥቼ ራሴ ብሞክረውስ እያልኩም አስቤያለሁ። ሁለቱም ሐሳብ በአንድ ራስ ውስጥ ነበሩ። ለበፍቃዱ ተወው ብዬዋለሁ።

ለአረፋ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሌላ ዘር አለ። ከፈቀዱልኝ ይሄኛውን መሬት ላይ ይዝሩልኝ። ጋሼ፣ እባክዎን አያዛውሩት። እንሰትን የሚያጠናው ይህን ያበላሸዋል።

ከራኬብ የሰማሁት ምሳ ለእኔም ይቆየኝ።

ልጅዎ ሀኒፋ


ፉሪ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀኒፋ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በሰላም ያምጣሽ፤ መንገዱን አጭር፣ ሻንጣሽን ከባድ ያድርገው።

ዘሩን ዘርቻለሁ፣ ከእንሰቱ ጎን፣ በእውነተኛ መሬት ላይ። በቅሎ ሁለት ሁለት ቅጠል ይዟል። እጄ ይበላኛል፤ በጠዋት ስነሣ «እስቲ አንዷን ብቻ ወዲህ ላድርጋት» ይለኛል። ቀመሪያ በርጩማ አውጥታ አጠገቡ ተቀምጣለች። «ሙሄ፣ እጅህን ኪስህ ክተት» ትለኛለች። ሚስቴ አንድ ቀን ለአረም ዘብ ትቆማለች ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጫማውን በነፃ እሰፋለት ነበር።

ይቅርታሽን ተቀብለናል። ቀመሪያ አልቅሳለች፤ እኔ መነጽሬ ጤዛ ይዞ ነበር። በጓሮው ሥራ የምትሞክሪ ከሆነ እኔ አለሁ፤ ወጉን አስተምርሻለሁ፣ አንቺ ደግሞ የማላዛውረውን ትነግሪኛለሽ።

ግን አንድ ነገር አለ። ደብዳቤሽን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። ለበፍቃዱ «ተወው» ብያለሁ ነው የሚለው። «አልሸጥም» አይልም። እንዳልዘለልኩት ለማወቅ በጣቴ እየተከተልኩ ፈለግሁት፤ የለም። ሥራሽ እንደሚያልቅ ጽፈሻል፣ ሁለት ሐሳብ እንዳለሽ ጽፈሻል፣ የትኛው እንዳሸነፈ አልጻፍሽም። አሁንም አትጻፊልኝ። ጽፈሽ ብትልኪው እሱንም ስጠራጠር እከርማለሁ፤ ዕድሜዬ ደግሞ ለዚያ አይበቃም።

አውሮፕላን ማረፊያ አልመጣም። በሩ ሥር ነው የምጠብቅሽ። በሩን ስከፍትልሽ ግቢው እስከ ኋላ ይታያል፤ በግራሽ ከእንሰቱ ጎን ያንቺ ቅጠል አለ፣ በቀኝሽ የአጥሩ ማዕዘን። ምንም አትበይኝ፤ ዓይንሽ ቀድሞ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ቆሜ አያለሁ። በየትኛውም ቢያርፍ እስምሻለሁ። ግን አያለሁ።

ሙሄ